ጋሼ፣ ከስልኩ ላይ አያጥፉ፤ መጀመሪያ በኬብል ይገልብጡት

ጥያቄው የመጣው ከዚሁ ከሀዋሳ ነው። ጠያቂው ታቦር ተራራ አካባቢ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በአጭሩ እንዲህ ይላሉ፦

«ስልኬ ሳምሰንግ ነው። በፎቶ ሞልቶ አዲስ አላነሳም ብሏል። የልጄ ላፕቶፕ ላይ ልገለብጥ በኬብል ብሰካው ቻርጅ ከማድረግ በቀር ምንም አይታይም። ልጄም ‹ግድ የለም› ብሎ በቴሌግራም እየላከ ላፕቶፑ ላይ አወረደልኝ። ከፎቶዎቹ አንዱን፣ በፊቼ ጫምባላላ ጉዱማሌ ላይ ከሽማግሌዎች ጋር የተነሳሁትን፣ 30 በ40 አሳትሜ ሳሎን ልሰቅለው ፎቶ ቤት ወሰድኩ። ‹ጥራት የለውም፣ ሲተልቅ ይሰባበራል› አሉኝ። ስልኬ ላይ ሳየው ግን ጥርት ያለ ነው። ምን ሆኖ ነው? አሁንስ ከስልኬ ላይ ላጥፋቸው?»

ጋሼ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ለጊዜው አንድም ፎቶ እንዳያጠፉ። ላፕቶፑ ላይ ያለው የተቀነሰ ቅጂ ነው። ኦሪጅናሉ ያለው ስልክዎ ውስጥ ብቻ ነው። እሱን ካጠፉ በእጅዎ የሚቀረው ያ ፎቶ ቤቱ የመለሰው ነው።

ልጅዎን አይቆጡት። ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገው። እዚህ አገር ፎቶ መለዋወጥ ማለት «በቴሌግራም ላክልኝ» ማለት ሆኗል። ነገር ግን ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ሲልክ ያሳንሰዋል። ቶሎ እንዲደርስና ፓኬጅ እንዳይበላ ነው። የስልክዎ ካሜራ 12 ሜጋፒክስል ነው እንበል። አንድ ፎቶ 4000 በ3000 ፒክስል፣ ማለትም ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች፣ ይሆናል። በቴሌግራም ሲያልፍ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 1280 በ960 ይወርዳል። ያባዙት እስቲ። 12 ሚሊዮን የነበረው 1.2 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ይቀራል። ከአሥር እጅ ዘጠኙ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ስልክ ላይ ይህ አይታወቅም። ስክሪኑ ትንሽ ስለሆነ የተቀነሰውም ጥርት ብሎ ይታያል። ጉዱ የሚወጣው ወረቀት ላይ ነው። 40 ሳንቲ ሜትር ወደ 16 ኢንች ነው። ጥሩ ህትመት በአንድ ኢንች 300 ያህል ፒክስል ይፈልጋል። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ራቅ ብለው ለሚያዩት 200ም ያስኬዳል። ኦሪጅናሉን ለ16 ሲያካፍሉት 250 ይመጣል። የቴሌግራሙን ሲያካፍሉት 80። ፎቶ ቤቱ እውነቱን ነው የነገረዎት፤ እንዲያውም ዝም ብለው አትመው ገንዘብዎን ስላልተቀበሉ ያመስግኗቸው።

ሌላም የሚጠፋ ነገር አለ። እያንዳንዱ ፎቶ በውስጡ መቼ እንደተነሳና በየትኛው ስልክ እንደተነሳ ይዞ ነው የሚዞረው። በቴሌግራምም በዋትስአፕም በተለመደው መንገድ ሲላክ ይህ መረጃ ይራገፋል። ስለዚህ ላፕቶፑ ላይ የአምስት ዓመት ፎቶ ሁሉ ልጅዎ ባወረደበት ቀን የተነሳ መስሎ ይደረደራል። የልጅ ልጅዎ የክርስትና ፎቶ የትኛው ዓመት እንደሆነ ከፎቶው ላይ ማወቅ አይቻልም።

የግድ በቴሌግራም መላክ ካለ ደግሞ መንገድ አለው። ሲልኩ «ጋለሪ» ከሚለው ሳይሆን «ፋይል» ከሚለው ገብተው ፎቶውን ይምረጡ። ያኔ ምንም ሳይነካው እንዳለ ያልፋል። ለሁለት ሦስት ፎቶ ይህ በቂ ነው። ለሺዎች ግን አይሆንም። ዳታውም ይጨርስዎታል፣ ትዕግስትዎም ያልቃል።

አሁን ወደ ኬብሉ እንምጣ። የእርስዎ ጉዳይ የሚያልቀው እዚያ ነው።

የአንድሮይድ ስልክ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ፋይሉን ወዲያው አይከፍትም። መጀመሪያ ቻርጅ ብቻ ያደርጋል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሆን ተብሎ ነው። ስልክዎን ካፌ ውስጥ ወይም ሰው ቤት ቻርጅ ለማድረግ ቢሰኩት ኮምፒውተሩ ፎቶዎን እንዳይበረብር ነው። ፈቃዱን የሚሰጡት እርስዎ ነዎት። የሚሰጡትም ከስልኩ ላይ ነው እንጂ ከላፕቶፑ ላይ አይደለም። ብዙ ሰው ላፕቶፑን ሲነካካ ይውልና «አልሠራም» ብሎ ይተወዋል።

እንዲህ ያድርጉ። ስልኩን ይሰኩና ስክሪኑን በፓስወርድዎ ይክፈቱት። የተቆለፈ ስልክ ላፕቶፑ ላይ ስሙ ይታያል፣ ሲከፍቱት ግን ባዶ ነው። «ፎቶዎቼ ጠፉ» ብለው እየተንቀጠቀጡ የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ ምክንያቱ መቆለፉ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ሳምሰንግ ላይ «ኮምፒውተሩ የስልኩን ዳታ እንዲያይ ይፈቀድ?» የሚል ጥያቄ ብቅ ይላል። «አላው» የሚለውን ይንኩ። ጥያቄው ካልመጣ ወይም በችኮላ «ዲናይ» ብለውት ከሆነ፣ ከስክሪኑ አናት ላይ በጣትዎ ወደ ታች ይሳቡ። ስለ ዩኤስቢ የሚያወራ ጽሑፍ አለ። እሱን ሲነኩት ምርጫዎች ይዘረግፋል። «ፋይል ትራንስፈር» ወይም «ትራንስፈሪንግ ፋይልስ» የሚለውን ይምረጡ። ላፕቶፑ ወዲያው ስልኩን ያገኘዋል።

ወደ ታች ስበው ስለ ዩኤስቢ የሚያወራ ነገር ጭራሽ ከሌለ ጥርጣሬዎን ወደ ኬብሉ ያዙሩ። በተለመደው የዩኤስቢ ኬብል ውስጥ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ሁለቱ ለኃይል፣ ሁለቱ ለዳታ። ርካሽ የሆኑት ብዙዎቹ ኬብሎች ግን ሁለቱን የዳታ ሽቦዎች ጭራሽ የላቸውም። ከውጭ ሲያዩት ምንም ልዩነት የለውም። ቻርጅ ያደርጋል፣ ፋይል ግን አያሳልፍም። መናኸሪያ አካባቢ መንገድ ላይ ተዘርግተው ከሚሸጡት ሲገዙ «የዳታ ኬብል ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከተቻለም እዚያው አስሰክተው አይተው ይግዙ። ከስልኩ ጋር ከካርቶኑ የወጣው ኬብል ቤት ውስጥ ካለ እሱን ቢፈልጉት ይሻላል።

ኬብሉ ደህና ሆኖም እምቢ ካለ የስልኩን ቀዳዳ ይዩት። የኪስ ብናኝ ይጠቀጠቅበታል። ስልኩን አጥፍተው በእንጨት ስንጥር ቀስ ብለው ያውጡት። መርፌ እንዳይነካው።

ስልኩ ላፕቶፑ ላይ ሲታይ በስሙ ይገባሉ፤ ከዚያ «ኢንተርናል ስቶሬጅ»። ውስጡ ብዙ ፎልደር አለ። አይደንግጡ። የሚፈልጉት «ዲሲአይኤም» የሚባለው ነው። ስሙ የመጣው ከድሮ ዲጂታል ካሜራዎች ነው፤ ስልኮችም እሱኑ ወርሰው ቀሩ። በውስጡ «ካሜራ» የሚል ፎልደር አለ። በእጅዎ ያነሷቸው ፎቶና ቪዲዮዎች ሁሉ እዚያ ናቸው።

ሰው የላከልዎት ግን እዚያ የለም። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከቴሌግራም ጋለሪ ላይ ያስቀመጧቸው «ፒክቸርስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ «ቴሌግራም» በሚል ስም ይገኛሉ። የዋትስአፕ ደግሞ ራቅ ይላል። «አንድሮይድ»፣ ከዚያ «ሚዲያ»፣ ከዚያ የዋትስአፕ ስም ያለበት ፎልደር፣ እያለ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ውጭ አገር ያሉ ልጆች የላኩልዎት ካለ እዚያ ሳይገቡ ስልኩን እንዳያጸዱ።

አሁን ዋናው ነገር። ኮፒ ያድርጉ፤ «ከት»፣ ማለትም ከስልኩ ቆርጦ ማዛወር፣ አያድርጉ። ምክንያቱን ልንገርዎት። ስልክ እንደ ፍላሽ አይደለም። ፍላሽ ሲሰኩ ኮምፒውተሩ ሙሉውን ተረክቦ እንደ ራሱ ዲስክ ያዘዋል። ስልክ ግን ራሱን አሳልፎ አይሰጥም። ኮምፒውተሩ አንድ ፋይል ይጠይቃል፣ ስልኩ ይሰጣል፤ ሌላ ይጠይቃል፣ ይሰጣል። መጋዘን በር ላይ ቆሞ አንድ አንድ ዕቃ እያወጣ የሚያቀብል የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ይበሉት። ኬብሉ መሃል ላይ ከላላ ወይም የልጅ ልጅዎ ስልኩን ካነሳው ንግግሩ ይቋረጣል። ኮፒ ከነበረ ጉዳት የለውም፤ ኦሪጅናሉ ቦታው ላይ ነው፣ እንደገና ይጀምራሉ። «ከት» ከነበረ ግን ከወዲያም ከወዲህም የሌለ ፋይል ሊፈጠር ይችላል።

አንድ በአንድ ስለሚያቀብል ቀርፋፋ ነው። ፎልደሩ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ፎቶ ካለ ሲከፍቱት አረንጓዴዋ መስመር እየተንፏቀቀች ትቆያለች። ተበላሸ ብለው እንዳይነቅሉት። ቡና ይፈላ። ሲገለብጡም ሁሉንም በአንዴ አይምረጡ። በየዓመቱ ወይም በየአምስት መቶው ከፋፍለው ይውሰዱ። አንዱ ቢቋረጥ የትኛው እንደቀረ ያውቃሉ።

ተገልብጦ ካለቀ በኋላ ማመሳከር አለ። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፤ ፎቶ ጠፋብኝ ብሎ የሚመጣው ብዙ ነው። ስልኩ ላይ ያለውን ፎልደር ራይት ክሊክ አድርገው «ፕሮፐርቲስ» ይበሉ። ስንት ፋይል፣ ስንት ጊጋባይት እንደሆነ ይነግርዎታል። ላፕቶፑ ላይ በገለበጡትም ላይ ያንኑ ያድርጉ። ቁጥሩ እኩል መሆን አለበት። ከዚያ ከመጀመሪያው፣ ከመሃሉና ከመጨረሻው ጥቂት ፎቶ ከፍተው ይዩ። ቪዲዮ ከሆነ ወደ መጨረሻው ወስደው ያጫውቱት። ተቆርጦ የቀረ ቪዲዮ መጀመሪያው ደህና ሆኖ ሊያታልል ይችላል።

የፋይሎቹን ስም ሲያዩ ግራ እንዳይጋቡ። ሳምሰንግ ስሙን የሚሰጠው በቀኑና በሰዓቱ ነው። ለምሳሌ 20240120_091530 የሚል ካዩ ጃንዋሪ 20 ቀን 2024፣ 9 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ማለት ነው። በእኛ ጥር 11 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሩብ። ጥምቀት ነው። ስልኩ አያውቀውም፣ እርስዎ ያውቁታል። ስለዚህ የፋይሉን ስም ሳይነኩ ፎልደሩን በራስዎ ስም ይጥሩት፤ «2016 ጥምቀት»፣ «2016 ፊቼ» እያሉ። በተለይ ፊቼ ቀኑ በየዓመቱ ስለሚለያይ፣ አያንቱዎች ኮከብ ቆጥረው የሚያውጁት ስለሆነ፣ በኋላ በቀን ብቻ ከፈለጉ አያገኙትም። ዊንዶውስ የአማርኛ ፎልደር ስም ያለችግር ይቀበላል። አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ በፍላሽ ሲከፍቱት ብቻ አራት ማዕዘን ሊሆንብዎ ይችላል።

ያለ ኬብልስ? ይቻላል። ስልኩ ሆትስፖት ይከፍትና ላፕቶፑ ይገባበታል፤ ከዚያ እንደ ኩዊክ ሼር ወይም ሎካልሴንድ ባለ ፕሮግራም ይላላካሉ። ፋይሉ ከስልክ ወደ ላፕቶፕ በአየር ነው የሚሄደው፣ ኢንተርኔት አይነካም፣ ፓኬጅም አይቆርጥም። ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሆትስፖት ከመክፈትዎ በፊት የሞባይል ዳታውን ይዝጉ። ክፍት ከሆነ ላፕቶፑ ኢንተርኔት አገኘሁ ብሎ ማሻሻያ ማውረድ ይጀምራል። ፎቶው ሳይሆን እሱ ነው ፓኬጁን ጠራርጎ የሚበላው። ሰዎች ጥፋቱን በፎቶ ማስተላለፊያው ላይ ይጥሉታል። ለማንኛውም ለእርስዎ ዓይነት ብዛት ኬብል ይሻላል ባይ ነኝ።

ቤት ውስጥ አይፎን ያለው ልጅ ካለ አንድ ነገር ይወቅ። በኬብል ሲገለብጥ መሃል ላይ ስህተት እያለ የሚቋረጥ ከሆነ፣ ስልኩ ሰቲንግ ውስጥ «ፎቶስ» ገብቶ ከታች «ኪፕ ኦሪጅናልስ» የሚለውን ይምረጥ። አይፎን ፎቶውን እየቀየረ ለመላክ ሲሞክር ነው የሚደናቀፈው። እንዳለ ሲመጣ ግን ዓይነቱ ሄይክ የሚባለው ስለሚሆን አንዳንድ ላፕቶፕ አይከፍተውም፤ መክፈቻውን መጫን ይኖርበታል።

እንግዲህ ማጥፋቱ ላይ ደረስን። ቁጥሩ ከገጠመና ሁለተኛ ቅጂ ከያዙ በኋላ ነው። ሁለተኛ ቅጂ የምለው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ወይም ሌላ ኮምፒውተር ነው። የልጅዎ ላፕቶፕ ብቻውን አይበቃም። ይሰረቃል፣ ይወድቃል፣ ልጅዎም አንድ ቀን «ቀርፋፋ ሆነ» ብሎ ፎርማት ያደርገዋል፤ ያለውን ሁሉ ይጠርገዋል።

ከማጥፋትዎ በፊት ጉግል ፎቶስ ስልክዎ ላይ ይሠራ እንደሆነ ይዩ። ፎቶዎ በእሱ ኢንተርኔት ላይ እየተቀመጠ ከሆነ፣ ከእሱ ውስጥ ገብተው ሲያጠፉ ከሁለቱም ቦታ ነው የሚጠፋው። ከስልኩ ብቻ እንዲጠፋ የሚያደርገው «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለው ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት መሆኑንም ይወቁ። ከ2021 ጁን ወዲህ የሚገቡ ፎቶዎች ከዚያው ላይ ስለሚቆጠሩ ይሞላል፤ ሲሞላ ማስቀመጡን ያቆማል።

አጥፍተውም ስልኩ «ሞልቷል» ማለቱን ካላቆመ አይገረሙ። የሳምሰንግ ጋለሪ ያጠፉትን 30 ቀን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ያቆየዋል። ቦታው የሚለቀቀው ቅርጫቱ ሲደፋ ነው። ቶሎ ቦታ ከፈለጉ ደግሞ ከቪዲዮ ይጀምሩ። አንድ ፎቶ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ቢይዝ ነው። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ግን 100 ሊያልፍ ይችላል። አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳዎቹ ለዓሣ ሲሻሙ የቀረጹት አለ አይደል? የሀዋሳ ሰው ስልክ ሁሉ ላይ አለ። ከእሱ አንዱን አስቀርተው ሌላውን ቢሸኙት ብዙ ቦታ ያገኛሉ።

አሁን ያቺን የጉዱማሌ ፎቶ ይዘው ፎቶ ቤት ይመለሱ። ከላፕቶፑ ላይ ኦሪጅናሉን፣ ማለትም 3 ሜጋባይትና ከዚያ በላይ የሚሆነውን፣ ወደ ፍላሽ ገልብጠው ይሂዱ። የቴሌግራሙ ከጥቂት መቶ ኪሎባይት አያልፍም፤ በዚህ ይለዩታል። ፍላሹ ላይ የሚታተሙትን ብቻ ያድርጉ። የብዙ ሰው ፍላሽ የሚሰካበት ኮምፒውተር ቫይረስ አያጣም። በጣም የተለመደው ፎልደርዎን ደብቆ በቦታው ፎልደሩን የሚመስል አቋራጭ (ሾርትከት) የሚተክለው ነው። እሱን ሾርትከት እቤት ላፕቶፕ ላይ ሲነኩት ቫይረሱ ይገባል። እንዲህ ሆኖ ካገኙት ምንም ሳይነኩ ይንቀሉት። አንዱ ተነስቶ «ፎርማት ይደረግ» ቢልዎትም እሺ አይበሉ። ፎቶዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፉም፤ ተደብቀዋል፤ የሚያውቅ ሰው «አትሪብ» በሚባል የዊንዶውስ ትእዛዝ ያወጣቸዋል። የእርስዎ ፍላሽ ላይ ያለው ቅጂ ብቻ ከሆነ ግን ፎርማት ቢደረግም አያሳስብዎ፤ ኦሪጅናሉ ላፕቶፑና ሃርድ ዲስኩ ላይ አለ።

ስልኩ አሁንም ላፕቶፑ ላይ አልታይ ካለ የስልኩን ሞዴል፣ ሲሰኩት ስክሪኑ ላይ የሚጽፈውንና በሌላ ኬብል ሞክረው እንደሆነ ይጻፉልኝ።